ከቀብር በፊት የሚደርስ እድር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ኮሶዬ ይገኛል። መንገደኛው ከመኪና ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ቁልቁል የተዘረጋውን ቆላ ያያል፤ ጭላዳ ካገኘ ፎቶ ያነሳል፤ ብርዱ ሲጠናበት ጋቢውን ተከናንቦ ጉዞውን ይቀጥላል። ከመንገዱ ፈቀቅ ባለ ቤት ውስጥ ግን ከሆስፒታል ተመልሳ የተኛች እናት ልትኖር ትችላለች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ በሽታው አልመለስ ብሏል፤ ቤተሰቡም «ቤቷ ትሁን፣ ከዘመዶቿ መሃል ትሁን» ብሎ ይዟት መጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊሞላ ይችላል። ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት በበጎ ፈቃድ ተደራጅቶ ለታማሚዋም ለአስታማሚዎቿም ምን ሊያደርግ እንደሚችል።

ለዚህ ጊዜ የሚሰጠው እንክብካቤ ሆስፒስ ይባላል፤ ቃሉ ሲነሳ ግን ለብዙ ሰው የሚታየው ሕንጻ ነው። በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እርግጥ በሕንጻ ነው። ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ሥራዋን ያስነሳው ግን ሕንጻው አይደለም። በማይድን በሽታ የተያዘ ሰው የሚያመው አካሉ ብቻ እንዳልሆነ፣ የልጆቹ ነገር፣ ዕዳው፣ ፍርሃቱ፣ ከአምላኩ ጋር ያለው ጉዳይ ሁሉ ተደራርቦ እንደሚያመው አስተማረች፤ ስለዚህ ሐኪም ብቻውን አይበቃውም አለች። አን ሜሪማን የምትባል ሌላ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ስትመሠርት ነገሩ ለእኛ ዓይነቱ አገር እንዲስማማ ሆነ። አልጋው ቀረ፤ ነርሷ በዋጋ ረከስ ያለ ፈሳሽ ሞርፊን ይዛ ወደ ታማሚው ቤት መሄድ ጀመረች።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ፋና ወጊ ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን ናቸው። እሳቸው የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። በዓመቱ ደግሞ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተቋቋመ፤ ይህ ድርጅት ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡ ታማሚዎችን ያስጠልላል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ኮሶዬ እስኪደርስ ግን መንገዱ ይረዝምበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ይህ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ይላል። ያላገኙት የሚበዙት እንደኛ ባለ አገር፣ እንደ ኮሶዬም ባለ መንደር ነው።

አገልግሎቱ ለካንሰር ብቻ እንዳይመስልዎት። ልቡ ደክሞ እግሩ ያበጠ፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው፣ ዕድሜ ተጭኖት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሁሉ ይመለከተዋል። ቢሆንም በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ከዘገየ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር ያስታውሳሉ። ተራ እስኪደርስ በሽታው አይጠብቅም።

ያለንና የጎደለን

ኮሶዬ ለመረዳዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ላይ የሚያደርስ ጎረቤት አለ። የታመመ ሰው ማሳ በደቦ ይታረሳል፣ በወንፈል ይታጨዳል። ሰንበቴው፣ ጽዋ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱ ሁሉም በየፊናቸው ይደርሳሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ እድሩ ጥሩንባ አስነፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቀባሪውን አስተናግዶ ሐዘንተኛውን አንድ ቀን እንኳ ብቻውን አያሳድረውም።

ጉድለቱ መሃል ላይ ነው። እድር ሥራ የሚጀምረው ነፍስ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ጥየቃ አለ እንጂ ድርጅት የለም። ጥየቃውም ቢሆን እንዴት እንደሆነ እናውቀዋለን። ከሰንበት ቅዳሴ መልስ አሥር ሰው አንድ ላይ ይገባል፤ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፤ መደብ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችው ልጅ ተነስታ ቡና ትቆላለች። እንግዶቹ እስከ ሦስተኛው ጠጥተው ሲወጡ ቤቱ የባሰ ደክሞ ይቀራል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን አስታማሚዋን ቡና አፍሉ ብሎ የሚያስነሳ ጥየቃ ዕረፍት አልሰጣትም።

ይህ ክፍተት አንድ ጊዜ ተሸፍኖ ያውቃል። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በከተሞቻችን በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ ልብሳቸውን ሲለውጡ ኖረዋል፤ ብዙ እድሮችም ከቀብር ውጭ ለታማሚና ለወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ ማውጣት ጀምረው ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ የሞት ብዛት ቀነሰ፤ እሰየው። ከሞቱ ብዛት ጋር ግን ያ የቤት ለቤት ልማድም አብሮ ሳሳ። ካንሰሩ፣ ልቡና ኩላሊቱ ግን የትም አልሄዱም። የእኔ አስተያየት ኮሶዬ የሆስፒስ ሕንጻ አያስፈልጋትም የሚል ነው፤ እድሩ ከጥሩንባው ጥቂት ወራት ቀድሞ እንዲደርስ ነው የሚያስፈልጋት።

በጎ ፈቃደኛው ቤት ሲገባ

መጀመሪያ የሚያየው ታማሚውን ሳይሆን አስታማሚውን ቢሆን ጥሩ ነው። በአብዛኛው ቤት ይህች ሰው ሴት ናት፤ ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም ምራት። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ሌሊት «ውሃ» ሲባል የምትነሳው እሷው ናት። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ሊሰጥ ከሚችለው ሁሉ ብዙ ጊዜ ትልቁ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ነው። «እትዬ፣ እኔ እዚህ ነኝ፤ አንቺ ጋደም በይ» ማለት፣ ጀሪካኑን ይዞ ምንጭ መውረድ፣ ከብቱን ማሰማራት፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ። ቡናም ከተፈላ አፍይዋ በጎ ፈቃደኛዋ ትሁን።

ቀጥሎ ገላ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አጥንቱ ፍራሹን የሚጫንበት ቦታ ሁሉ ይቆስላል፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ የትከሻ ጫፍ፣ የጆሮ ዳርቻ። ጭቃ መደብ ላይ በተነጠፈ ስስ ቁርበት የተኛ ደጋ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል። ቁስሉ አንዴ ከተከፈተ ማዳኑ ከባድ ነው፤ መከላከሉ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማገላበጥ፣ ሳይጎትቱ ማንሳት፣ አንሶላውን ሳይሸበሸብ ማንጠፍ፣ እርጥብ ልብስ ወዲያው መለወጥ፣ ቆዳውን አጥቦ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት ነው። እዚህ ላይ የደጋው ሰው ያለው አንድ ሀብት አለ፤ አጎዛ። ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ ክብደትን ያከፋፍላል፣ ላብ ይመጥጣል፤ በውጭ አገር ሆስፒታሎችም ለዚሁ ሲባል ይነጠፋል። ንጹሕና ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከገበያው ስፖንጅ ብዙ አይተናነስም።

አፍ ይረሳል። ምግብ የማይወስድ ሰው ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ምላሱ ነጭ ይለብሳል፣ መናገር ያስጠላዋል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ጨምሮ ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ አፉን በቀን ደጋግሞ መጥረግ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ትልቅ እፎይታ ነው። ነጩ ነገር ካልጠፋ ለነርስ ይነገር፤ መድኃኒት አለው።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጋደም አይበል፤ ከጀርባው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ቡልኮ ተደግፎ ቀና ይበል። ምድጃው እዚያው ክፍል ከሆነ አልጋው ወደ በሩ ይጠጋ። ብርዱ ስለሚፈራ ኮሶዬ ላይ ማንም መስኮት መክፈት አይወድም፤ ሰውየውን ደርቦ አልብሶ ፊቱ ላይ ቀስ እያሉ በጭራ ማራገብ ግን ይቻላል፤ ፊት ላይ የሚነፍስ አየር የትንፋሽ ጭንቅን ይቀንሳል። ዕጣኑ ግን ይቅር። የቁስል ጠረን ለመሸፈን ብለን ቤቱን በጭስ እንሞላዋለን፤ ታማሚዋ ከጠረኑም ከጭሱም አልዳነች።

ስለ ጠረን ካነሳን አይቀር፣ ይህ ነገር ዝም የሚባልበት ግን ሰውን ከሕመሙ በላይ የሚያገልል ጉዳይ ነው። የጡት ካንሰር ቁስል ሲከፈት፣ የማኅፀን በር ካንሰር ፈሳሽና ሽንት ማፍሰስ ሲጀምር፣ ሴትየዋ ከባሏም ከልጆቿም ትሸሻለች። ልጆቿም ጠጋ ለማለት ይቸገራሉ፤ ይህን ደግሞ እሷ ታያለች። ለዚህ ቀላል መላ አለ፤ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው የታወቀ ክኒን ተፈጭቶ በታጠበ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ጠረኑን ያጠፋዋል። ነርሷ አሳይታ ትፍቀድ፣ በጎ ፈቃደኛዋ ጓንት አጥልቃ ታግዝ። ጠረኑ ጠፍቶ ጎረቤት ጠጋ ብሎ ሲቀመጥ ማየት ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጣል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከቡድኑ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች መሆን አለባቸው፤ ባህላችን ይህን ይጠይቃል፤ ታማሚዎቹም እንዲሁ።

ሞርፊንና ፍርሃቱ

ጠንካራ ሕመም በፓራሲታሞል አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የካንሰር ሕመም አታካከም ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት፣ ቀጥሎ እንደ ኮዴይን ያሉት፣ በመጨረሻም ሞርፊን። ሞርፊን በአፍ የሚጠጣ ሲሆን በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው የበጎ ፈቃደኛው ጥቅም። ማንበብ ለማትችል አስታማሚ በወረቀት ላይ ጸሐይና ጨረቃ ሥሎ ሰዓቱን ማሳየት፣ ሞባይሉን እንዲጮህ አድርጎ መሙላት፣ የተሰጠውን በደብተር መመዝገብ፣ ጠርሙሱ ሳያልቅ ቀድሞ ማሳሰብ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይታሰብበት። ሞርፊን በተለየ ማዘዣ የሚወጣ፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ጤና ኬላ ላይ አይገኝም፣ ሆስፒታል ድረስ ያስኬዳል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ መንገዱ ከተዘጋ ታማሚው በሕመም ይጮሃል፤ ስለዚህ ግማሹ ሲቀር ነው መንቀሳቀስ።

ሰዎች ሞርፊንን በሁለት ምክንያት ይፈሩታል። አንዱ ሱስ ነው። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው እንደ ሱሰኛ መድኃኒቱን ፍለጋ አይባዝንም፤ ሕመሙ ከቀነሰ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ሁለተኛው «ይሄ ከተሰጣት አለቀላት ማለት ነው» የሚለው ነው። በትክክለኛ መጠን የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ ሰው ሞርፊን ጀምሮ ወራት ይኖራል፣ ሕመሙ ታግሦለትም ደጅ ወጥቶ ጸሐይ ይሞቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ተልባ ብቻውን እዚህ ላይ አይበቃም። ሐኪሙ ይህን ማዘዝ ከረሳ ጠይቁ።

በጎ ፈቃደኛ ግን መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ መርፌ አይወጋም። ይህ መስመር ግልጽ ይሁን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ይበልጥ ይፈትናል።

የማይባለውና የማይደረገው

አብዛኛው ቤተሰብ በሩ ላይ ይዞ «አልነገርናትም፤ እንዳትነግሯት» ይላል። ሐሳቡ ከፍቅር ነው፤ መርዶን ጊዜ መርጦ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ የሚነግር ሕዝብ ልጆች ነን። በጎ ፈቃደኛ የሐኪሙን ቃል አስቀድሞ አያወጣም። ነገር ግን መዋሸትም የለበትም። ታማሚዋ «ልድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ «እርስዎ ምን ይሰማዎታል? ሐኪሙስ ምን አሉዎት?» ብሎ ጠይቆ መስማት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ልጆቿም ታውቃለች ብለው ይጠረጥራሉ። ሁለቱም ሌላውን እንዳያስከፉ ብለው ዝም ይባባላሉ፤ የሚነገረው ሳይነገር ጊዜው ያልፋል። ያን ዝምታ ለመፍታት ነርሷን ወይም የንስሐ አባቱን መጥራት ይቻላል።

ጠበል የሚሄድ ታማሚ ሲገጥም ክርክር አይነሳ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለማስታገሻውም ነገሩ ያው ነው። መድኃኒቱን ትቶ እንዳይሄድ ጠርሙሱን ይዞለት አብሮ መሄድ ከመከራከር ይሻላል። በጎ ፈቃደኛው በእምነት ከታማሚው ሊለይ ይችላል፤ አልጋ አጠገብ ሄዶ መስበክ ግን የአቅመ ቢስን ሰው ቤት መድፈር ነው፤ አይደረግም።

ኑዛዜም እንዲሁ። ታማሚው መሬቱን፣ ከብቱን፣ ቤቱን በተመለከተ ልናገር ካለ በጎ ፈቃደኛው ራሱ ወረቀት ይዞ አይጻፍ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ሽማግሌዎች ይጠሩ። በጎ ፈቃደኛው ምስክር ካልሆነ ነገ ከወራሾች ጠብ ይድናል፤ ቡድኑም ከሐሜት።

ሐሜት ካልን፣ እንዲህ ዓይነት ቡድን ከገንዘብ እጥረት ይልቅ በወሬ ቶሎ ይፈርሳል ባይ ነኝ። መንደር ነው። ማታ የታየው ቁስል ጠዋት ምንጭ ዳር ከተወራ ያን ቤት ዳግም ማንም አያስገባም፤ የሚቀጥለው ቤትም አይከፈትም። አባል ሲመረጥ ከጉልበቱ በፊት አፉ ይታይ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ሞት ሲቃረብ አካል ምግብ መፈለግ ያቆማል። ይህ ቤተሰቡን ከምንም በላይ ያስጨንቃል፤ «በሞቴ» እያሉ ለሚያጎርሱ እጆች አላጎርስም መባል ከባድ ነው። ግን አልበላም ያለ ሰው የሚሞተው ስላልበላ አይደለም፤ መሞት ስለጀመረ ነው የማይበላው። መዋጥ ያቃተውን ሰው ማጎረስ ትን ሊያስብለውና ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማሳሰቢያ ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ አለ። ቁርባን መዋጥ ይፈልጋል፤ ካህኑ «ከባሰበት እንጠራቸዋለን» እየተባለ ከዘገየ ላይደርስ ይችላል። ታማሚው ገና ሲናገርና ሲውጥ ይጠሩ። ቀንዲሉም እንዲሁ። ሙስሊም ቤተሰብም ሸሃዳውን የሚያስታውስና ፊቱን ወደ ቂብላ የሚያዞርለትን ሰው ከጊዜው አስቀድሞ ያስብ።

እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ትንፋሹ ይቆማል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጉሮሮው ያንኮራፋል፤ ይህ ድምፅ ለሰሚው አስፈሪ ነው፤ ለታማሚው ግን በአብዛኛው አያሠቃየውም፤ ወደ ጎን ቢገለበጥ ይቀንሳል። መስማት ከሁሉ ዘግይቶ ይጠፋል ተብሎ ስለሚታመን አልጋው አጠገብ ስለ ድንኳንና ስለ ንፍሮ አይመከር። በጎ ፈቃደኛው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ለቤተሰቡ ከነገረ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቃሬዛ ፍለጋ መሯሯጥና መንገድ ላይ መሞት ይቀራል።

ከቀብር በኋላ እድሩ ሥራውን ያውቃል፤ ሰልስቱም አርባውም ይወጣል። በጎ ፈቃደኛው የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ለተዝካር ብሎ በሬ የሸጠ ቤት ክረምት ሲመጣ በምን እንደሚያርስ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ከመሸጡ በፊት ቢጠየቅ ደግሞ ይሻላል።

ኮሶዬ ላይ ከየት ይጀመራል?

በደቡብ ሕንድ ኬረላ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋውን የጎረቤት መረብ ማየት ይጠቅማል። ገበሬው፣ መምህሩ፣ ሹፌሩ በሳምንት ቢያንስ 2 ሰዓት ለመስጠት ቃል ገብቶ አጭር ሥልጠና ይወስዳል፤ በሰፈሩ የተኙትን ታማሚዎች ይለያል፤ ነርስና ሐኪም ደግሞ ከኋላው ይቆማሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚዋጣው ከሰፈሩ በሳንቲም ነው። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የማስታገሻ ፖሊሲ ያወጣው ሕዝቡ ቀድሞ ከሠራ በኋላ ነው። 2 ሰዓት የሚለው ልብ ይባል፤ ሁሉን ሊሠራ የተነሳ በጎ ፈቃደኛ በሦስተኛው ወር ይጠፋል።

ኮሶዬ ለጤና ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ደንቢያ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እያወጣ ያሠለጥን ነበር። የኮሌጁ ዲን የነበሩት ዴኒስ ካርልሰንም ከልጃቸው ከአንድሪው ጋር ሆነው የዚህችን መንደር ጤናና ኑሮ ከእ.ኤ.አ. 1963 እስከ 2007 የሚተርክ መጽሐፍ ጽፈዋል። የጓሮ አትክልትና የንጽህና ሥራ ኮሶዬ ላይ ቤት ለቤት፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተማረ ተስፋፍቷል። አልጋ ላይ የዋለን ሰው ማገላበጥም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ስድስት ወይም ስምንት ይበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተኙትን ቤቶች ታውቃለች፤ ከእሷ ይጀመር። ከጤና ጣቢያው አንድ ነርስ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ ስልክ የሚያነሳ አንድ ባለሙያ ይያዝ። የዩኒቨርሲቲው የነርስ ትምህርት ክፍል የሁለት ሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጥ በደብዳቤ ይጠየቅ። ለቡድኑ አንድ ቦርሳ ይገዛ፤ ጓንት፣ ሳሙና፣ ጎዝ፣ ቫዝሊን፣ ጨው፣ ከአንሶላ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ደብተር። ቲቢ ያለበት ቤት ሲገቡ በሩ ክፍት ይሁን። የታማሚው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታደሱ ይታይ፤ ካርዱ ያለፈበት ቤተሰብ ሆስፒታል በር ላይ ይቆማል። ከእድሩ ወርኃዊ መዋጮም ትንሽ ተቀንሶ መድኃኒት ለሚያመጣ ሰው የትራንስፖርት ይሁን። ቡድኑ በወር አንድ ጊዜ ተቀምጦ ያየውን ለራሱ ይተንፍስ፤ አባል የሆነ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ሰው ከቀበረ ደግሞ ጥቂት ወራት ይረፍ።

አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ይህ ሁሉ የመንግሥትን ዕዳ አይሰርዝም። ሞርፊን በሌለበት በጎ ፈቃደኛ ማድረግ የሚችለው እጅ ይዞ ሲጮሁ መስማት ነው፤ ያንን ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ያደርገዋል። ቡድኑ የሚይዘው ደብተር ስንት ሰው መድኃኒት አጥቶ እንደተሠቃየ ይመዝግብ፤ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ይሂድ።

የዓለም የሆስፒስና የማስታገሻ እንክብካቤ ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ ይውላል፤ እኛ ዘንድ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ መሆኑ ነው፤ መንገዱ ከክረምቱ የሚደርቅበት ጊዜ። እስከዚያ ግን አይጠብቁ። የእድር አባል ከሆኑ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅዎን አውጥተው አንድ አጀንዳ ያስይዙ፦ በእድራችን ውስጥ አሁን አልጋ ላይ ያለው ማን ነው? በዚህ ሳምንትስ ማን ይሄድለታል?